ፈረንሳይኛው አልገፋ አለኝ፤ ሥራዬን ትቼ ልማር ወይስ ልተወው?

ጥያቄው፦ «28 ዓመቴ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ፤ ቤቴ አዘዞ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሕልሜ አስጎብኚ መሆን ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ጋይድ ስለበዛ በፈረንሳይኛ ልግባ ብዬ ከሁለት ዓመት በፊት በስልኬ መማር ጀመርኩ። በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ በቀን ሩብ ሰዓት ያህል እሠራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በረርኩበት። ከዚያ ወዲህ ግን ባለሁበት እየረገጥኩ ነው። በጥምቀት ሰሞን ሁለት ፈረንሳውያን ቁልፍ ሊወስዱ መጥተው ስለ ግንቡ ሲጠይቁኝ ከሰላምታ ሌላ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ በእንግሊዝኛ መለስኩላቸው። ጓደኞቼ ‹ቋንቋ በልጅነት ነው፣ ተወው› ይሉኛል። ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ሄጄ ሙሉ ጊዜዬን ልማር? ወይስ የእኔ ጭንቅላት ቋንቋ አይቀበልም? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

መጀመሪያ «ሁለት ዓመት» የሚለውን እናስተካክል። ቋንቋ የሚቆጠረው በሰዓት እንጂ በዓመት አይደለም። አንተ በነገርከኝ ልክ በሳምንት የምትሠራው ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም፤ በሁለት ዓመት ተደምሮ 120 ሰዓት ቢሆን ነው። የበዓሉን፣ የለቅሶውን፣ የሌሊት ፈረቃውንና ኔትወርክ የጠፋበትን ቀን ስንቀንስ ከዚያም ያንሳል። አሁን ይህን ከመለኪያው ጋር አስተያየው። የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣውና ፈረንሳይኛ አስተማሪዎች የሚሠሩበት መለኪያ ስድስት ደረጃ አለው፤ ከኤ1 ይነሳና በኤ2፣ በቢ1፣ በቢ2፣ በሲ1 አልፎ ሲ2 ላይ ያበቃል። አስተማሪ ፊት ተቀምጦ ለሚማር ሰው በተለምዶ የሚሰጠው ግምት ኤ1ን ለመጨረስ ከ60 እስከ 100 ሰዓት፣ ኤ2ን ከ160 እስከ 200፣ ቢ1ን ከ350 እስከ 400፣ ቢ2ን ከ500 እስከ 650 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር። እንግዲህ አንተ ኤ1ን ጨርሶ ኤ2ን የጀመረ ሰው ባለበት ቦታ ላይ ነህ። አልዘገየህም፤ ባወጣኸው ሰዓት ልክ ነው የደረስከው።

ደስ የማይለውን ግማሽ ደግሞ ልንገርህ። እንግዳ ይዞ ግንብ ውስጥ የሚዞር ሰው ቢያንስ ቢ1 ያስፈልገዋል፤ ሳይጨነቅ ለመሥራት ደግሞ ቢ2። በአሁኑ አካሄድህ ቢ1 ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይቀርሃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ የሚያጽናኑህ ሰዎች ካሉ ልክ ናቸው፤ ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ከታቀፈችው ነው። በየሁለት ቀኑ ለሩብ ሰዓት እየመጣች ብትቀመጥበት ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት በረህ ከዚያ ወዲህ ለምን ቆምክ? ትጋትህ ስለቀነሰ አይደለም። የማንኛውም ቋንቋ ቃላት እኩል አይመላለሱም። ጥቂቶቹ በየአረፍተ ነገሩ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ግን በወር አንዴ እንኳ ላይገጥሙህ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሺህ ቃል የተራ ንግግርን አራት አምስተኛ ገደማ ይሸፍናል። «እኔ»፣ «ነው»፣ «የት»፣ «እፈልጋለሁ»፣ «ቤት»፣ «ዛሬ» የሚሉትን ስትማር፣ ዛሬ የተማርከውን ነገ በሰማኸው ሁሉ ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ስለዚህ እድገቱ በዓይን ይታያል። ሁለተኛውን ሺህ ቃል ለመያዝ የሚጠይቀው ድካም ያው ነው፤ የሚጨምርልህ ግን ከመቶ ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሺህ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንተ ያንኑ ያህል እየሠራህ ነው፤ የሚታይህ ግን ያነሰ ነው። ይህ በሁሉም ተማሪ ላይ፣ በጎበዙም ላይ፣ ያለ ልዩነት የሚደርስ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ሰው ብዙም አያስተውለውም። አራት አምስተኛውን ማወቅ ከአምስት ቃል አንዱን አለማወቅ ነው። ያ አንዱ ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን የተሸከመው ቃል ነው። አንድ ፈረንሳዊ «ይህ … የተሠራው በ… ጊዜ ነው ወይስ ከ… በኋላ?» ብሎ ሲጠይቅህ በባዶዎቹ ቦታዎች ያሉት ቃላት ካመለጡህ ሌላው ሁሉ ቢገባህ ምንም አልገባህም። ሰው ያለ ብዙ ጭንቀት የሚከታተለው ከመቶ 95ቱን እና ከዚያ በላይ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ በ80 እና በ95 መካከል ያለው ረጅም መንገድ ላይ ሳለህ «ምንም አላውቅም» የሚል ስሜት መሰማቱ ተፈጥሯዊ ነው። ስሜቱ ግን ስለ እውቀትህ ምስክር አይሆንም።

መፍትሔውም እዚሁ ውስጥ አለ። ጠቅላላ ፈረንሳይኛን 95 ከመቶ ለመሸፈን ብዙ ሺህ ቃል ይጠይቃል። የፋሲል ግቢን ፈረንሳይኛ 95 ከመቶ ለመሸፈን ግን ከመሠረታዊው ሺህ ላይ ምናልባት ጥቂት መቶ ቃላት ይበቃሉ፤ ግንብ፣ በር፣ ጣሪያ፣ ኖራ፣ ንጉሥ፣ ዘውድ፣ ገዳም፣ ሥዕል፣ ጦርነት፣ ዘመን፣ መታጠቢያ፣ ደረጃ። መንገዱን ማሳጠር የሚቻለው ማረፊያውን በማጥበብ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ ዕድሜ። ጓደኞችህ የሰሙት ነገር ሥር የለሽ አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። በልጅነት የጀመረ ሰው ከአዋቂው የሚበልጠው በዋናነት በድምፅ አወጣጥ ነው፤ እንደ ተወላጁ ሆኖ የመናገር ዕድሉ ሰፊ ነው። በቃላትና በሰዋስው ግን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አዋቂ ከልጅ ይፈጥናል፤ ማመዛዘን፣ ማወዳደርና አስቦ ማጥናት ይችላልና። አንተ ደግሞ እንግሊዝኛ አለህ፤ ከእንግሊዝኛ ቃላት በግምት ሲሶው ከፈረንሳይኛ የመጣ ስለሆነ ስታነብ ብዙውን ሳትማረው ትለየዋለህ። የአማርኛ ቅላጼህ ምናልባት አይለቅህም። አይልቀቅህ። ጎንደር ድረስ የመጣ ሰው የፓሪስ ልጅ ሊሰማ አልመጣም።

አንድ ድምፅ ላይ ብቻ ግን ቅናሽ አላደርግልህም። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት የፈረንሳይኛ ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ድሱ» ይሆናሉ፤ የሚለያዩት በመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ነው። «ከታች» በእኛው «ኡ» ይጨርሳል። «ከላይ» ግን እኛ የሌለን ድምፅ ነው፤ ከንፈርህን «ኡ» እንደምትል አሹለህ ምላስህን «ኢ» እንደምትል ወደ ፊት ስትገፋ ይወጣል። መስታወት ፊት ቆመህ «ኢ» እያልክ ምላስህን ሳታንቀሳቅስ ከንፈርህን ብቻ አሹል፤ መጣ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ቆመህ በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች እያሳየህ «ከታች» ብትል እንግዳው ምንጣፉን ነው የሚያየው።

አሁን አፍህ ስለተሳሰረበት ቀን። ስልክህ ያስተማረህ ማወቅን ሳይሆን መለየትን ነው። አራት መልስ ይደረድርልሃል፤ አንዱን ትመርጣለህ፤ አረንጓዴ ያበራልሃል። መለየትና ከባዶ አውጥቶ መናገር በአእምሮ ውስጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱን መለማመድ ሌላውን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚያግዘው። እንግዳዋ ምናልባት «ሴ ድ ኬል ኤፖክ?» ብላህ ይሆናል፤ የየትኛው ዘመን ነው ማለቷ ነው። በጽሑፍ ብታየው ትመልሰው ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ነገር እንደተደራረበብህ ተመልከት። በልብህ ያለው 1628 ዓ.ም. ነው። ወደ እነሱ አቆጣጠር ስታዞረው 1636 ይሆናል። ከዚያ ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ማዋቀር፣ ከዚያ ግሡን፣ ከዚያ ድምፁን። ይህን ሁሉ ሰው ከሚታገሰው ሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ መጨረስ አለብህ። አንድም ቀን ጮክ ብለህ ሳትለማመደው ያ ቢወጣህ ነበር የሚገርመው።

በነገራችን ላይ ቁጥር የአስጎብኚ ትልቁ ወጥመድ ነው፤ ፈረንሳይኛ ላይ ደግሞ እጥፍ ነው። ሰባ የሚል ቃል የላቸውም፤ «ስልሳ አሥር» ነው የሚሉት። ሰማንያ «አራት ሃያ» ነው፤ ዘጠና «አራት ሃያ አሥር»። ሻርል ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም አዲያም ሰገድ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1699 ነው፤ ፈረንሳዮች ሊሰሙት የሚወዱት ታሪክ ነው። መጨረሻዋ 99 ግን «አራት ሃያ አሥራ ዘጠኝ» ነው፤ «ካትር ቫን ዲዝ ነፍ»። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የተመዘገበበት 1979 ደግሞ «ሚል ነፍ ሳን ሷሳንት ዲዝ ነፍ»። ለአንድ ጉብኝት የሚያስፈልጉህ ዓመተ ምሕረቶች ሃያ ቢሆኑ ነው። አስልተህ አትናገራቸው፤ እንደ ስልክ ቁጥርህ ሳታስብ እስኪወጡ ድረስ በቃልህ ያዛቸው። በዚህ ብቻ አፍህ ከመተሳሰር በግማሽ ይድናል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው የታየኝ ነገር፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠምረህ መያዝህ ነው። ሕልምህ አስጎብኚ መሆን ነው ብለሃል። ፈረንሳይኛ ወደዚያ ለመግባት የመረጥከው በር ነው። በሩ ቀስ ብሎ ስለሚከፈት ሕልሙ የቆመ መሰለህ። አንተ እኮ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ መልሰህላቸዋል፣ እነሱም ገብቷቸው ሄደዋል። ታዲያ የጋይድነቱን ሥራ ለመጀመር ፈረንሳይኛው እስኪያልቅ የምትጠብቀው ለምንድን ነው? ጋይድ ለመሆን የሚያስፈልገው ታሪኩን ማወቅ፣ ሰው መምራት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ የሰለቸውን እንግዳ ከፊቱ ማንበብ ነው፤ ይህ ሁሉ በየትኛውም ቋንቋ የሚለመድ ነው፣ ፈረንሳይኛውን ስትጨርስም ቁጭ ብሎ አይጠብቅህም። በዚህ ሳምንት በከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሄደህ የአስጎብኚነት ፈቃድ ምን እንደሚጠይቅ፣ ማኅበር መግባት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቅ። ያለ ፈቃድ እንግዳ ይዘህ እንዳትዞር፤ ከማኅበሩ ልጆች ጋር ያጣላሃል፣ ሆቴልህንም ያስወቅሳል። በእንግሊዝኛ ጀምር፤ ፈረንሳይኛው እየደረሰ ይጨመርበታል።

አዲስ አበባ ሄዶ ሙሉ ጊዜ መማርን አልመክርህም፣ ቢያንስ አሁን። ገንዘቡን ተወው፤ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቃለህ። ከዚያ የሚብሰው የምትለቀው ነገር ነው። ፈረንሳይኛ ተማሪ አዲስ አበባ ላይ ከፍሎ የማያገኘውን ነገር አንተ እየተከፈለህ ታገኛለህ፤ በእግሩ መጥቶ ባንኮኒህ ላይ የሚደገፍ እንግዳ። ጥቂትም ቢሆኑ ይመጣሉ። እስካሁን ያልተጠቀምክበት ስለማታውቀው ነው።

እንዲህ አድርግ። የምትፈልገውን ፈረንሳይኛ ወደ 90 ደቂቃ አጥብበው፤ ከፋሲል ግቢ በር ጀምሮ በፋሲል ግንብ፣ በዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ በኢያሱ ግንብ፣ በዳዊት አዳራሽ፣ በበካፋና በእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አልፎ እስከ መውጫው። መጀመሪያ በአማርኛ ተናገረው፤ ከገጠር ለመጣ አጎትህ እንደምታስጎበኝ አድርገህ። ከዚያ ባለህ ፈረንሳይኛ፣ በአጫጭር አረፍተ ነገር አስፍረው። አንድ ስጦታ አለህ፤ ፈረንሳዮች ታሪክን በአሁን ጊዜ ግሥ መተረክ ለምደዋል። «አን ሚል ሲ ሳን ትራንት ሲስ፣ ፋሲሊደስ ፎንድ ጎንደር» ብትል «በ1636 ፋሲለደስ ጎንደርን ይመሠርታል» ማለት ነው፤ እንደ ስህተት የሚያይብህ የለም፣ እንዲያውም መጽሐፋቸው የሚጽፈው እንዲያ ነው። ተማሪን የሚያሰቃዩትን ሁለቱን የኃላፊ ጊዜ ግሦች በዚህ ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ትችላለህ።

ግን ሙሉውን ንግግር እንደ ውዳሴ ማርያም ቃል በቃል እንዳትሸመድደው። እንግዳ መሀል ገብቶ ይጠይቅሃል፤ ክሩ ይበጠስና ካቆምክበት መቀጠል ያቅትሃል። የምትይዘው በየጣቢያው ሦስት አራት አረፍተ ነገር ብቻ ይሁን። ከንግግሩ ይልቅ ጥያቄው ላይ ሥራ። ባንኮኒህ ሥር አንድ ደብተር አስቀምጥና እንግዳ የጠየቀህን ሁሉ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ጻፍ። ሲዝኑ ሳያልቅ የምታየው ነገር ጥያቄዎቹ የሚደጋገሙ መሆናቸውን ነው፤ ማን ሠራው፣ ለምን ፈረሰ፣ ጣሊያን እዚህ ምን ሠራ፣ መታጠቢያው ውኃ የሚሞላው መቼ ነው፣ ይህ ሥዕል እውነተኛው ነው ወይስ ቅጂ። እነዚያን ጥያቄዎች በፈረንሳይኛ ሲነገሩ ሰምቶ መለየት ከመናገሩ ይከብዳል፤ ጊዜህን የምታፈስሰውም እዚያ ላይ ይሁን።

ስለ ቅጂው ሥዕል ካነሳሁ አይቀር፣ ፈረንሳይኛ ለጎንደር ጋይድ የሚያመጣው ጥቅም ከገንዘብም በላይ እንደሆነ የማውቀው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጎንደር ለወራት ተቀምጦ ነበር። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጥንታዊዎቹን ሥዕሎች አንስቶ በምትካቸው አዲስ አሥሎ ዋናዎቹን ፓሪስ ወሰደ፤ ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ከሚመጣልህ ፈረንሳዊ ውስጥ ሥዕሎቹን እዚያ ያያቸው፣ ቤታቸውን ለማየት የመጣ ይኖራል። ያንን ሰው በገዛ ቋንቋው ማነጋገር፣ ከጎንደር ልጅ ዓይን የታየውን መንገር፣ በትንሽ እንግሊዝኛ የሚሆን አይደለም። ይህን አንድ ታሪክ በደንብ አድርገህ በፈረንሳይኛ ያዘው፤ ከሌላው ሁሉ ይለይሃል።

ሰዓቱን ከየት ታመጣለህ? ከአዘዞ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ የምታጠፋው ጊዜ አለ። ለመስማት ስጠው። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ አርኤፍአይ፣ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የአሥር ደቂቃ ዕለታዊ ዜና አለ፤ ጽሑፉም አብሮ ይወጣል። ቲቪ5ሞንድ ደግሞ በየደረጃው የተከፋፈለ ነፃ መልመጃ አለው። ኔትወርክ በተገኘ ቀን አውርደህ ስልክህ ላይ ከምር፤ በየቀኑ አዲስ አታሳድድ። አንዱን ዜና ሳምንቱን ሙሉ መስማት ሰባት ዜና አንድ አንድ ጊዜ ከመስማት ይበልጣል። ማታ ደግሞ 20 ደቂቃ ጮክ ብለህ ተናገር፤ በሹክሹክታ አይሆንም፣ የቤተሰቡን ሳቅ ቻለው። ታክሲው በግማሽ ሰዓት፣ ማታው በ20 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ አምስት ሰዓት ነው፤ በዓመት 250 ገደማ። ካለህ ላይ ሲደመር ከቢ1 ደጃፍ ያደርስሃል። በሥራ ብዛት የሚስተጓጎለውን ጨምረህ ዓመት ከመንፈቅ በለው።

ቃል የምትይዝበትን መንገድም ለውጥ። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በአብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ በየጊዜው ሲከለስ ግን የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ አዲሱን ቃል በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ መልሰህ ጥራው። ካርቶን ቆርጠህ በአንድ ወገን አማርኛውን፣ በሌላው ፈረንሳይኛውን ጻፍ፤ ነጠላ ቃል ሳይሆን ግንቡ ውስጥ የምትናገረውን አረፍተ ነገር። ሁልጊዜ አማርኛውን እያየህ ፈረንሳይኛውን ከአፍህ አውጣ፤ በተቃራኒው ብትሄድ ወደዚያው ወደ መለየቱ ተመለስክ። የሌሊት ተረኛ በሆንክበት ማግስት አዲስ ነገር አትጨምር፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የያዘውን አያቆይም። የቆየውን ብቻ ከልስና ተኛ።

እድገትህን በስሜትህ አትለካው። በወር አንድ ቀን ስልክህ ላይ ሦስት ደቂቃ ስለ ፋሲል ግንብ ቅዳ፣ ቀኑን ጻፍበትና አስቀምጥ። የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አታወዳድር፤ ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ጋር አወዳድር። ስንት ቦታ ላይ ዝም አልክ፣ ስንት ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ሸሸህ፣ እሱን ቁጠር።

ሁለት ሦስት ማስጠንቀቂያ። «በሦስት ወር አቀላጥፈህ ትናገራለህ» ለሚል ማስታወቂያ አንድ ብር አትክፈል፤ ከላይ ያለውን ሰዓት ደምረህ ራስህ ፍረድ። ፈረንሳይኛ ደግሞ እንጀራ እንደሚሆን ማንም ዋስትና ሊሰጥህ አይችልም። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ የጎንደር ቱሪስት ምን እንደሆነ ባንኮኒው ላይ ቆመህ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በደህናው ጊዜም ቢሆን ሥራው ከመስከረም እስከ ጥምቀት ሰሞን ተጭኖ ክረምቱ ባዶ የሚውል ነው። ስለዚህ ደመወዝህን አትልቀቅ፤ ጋይድነቱ በእረፍት ቀንህ የሚጀምር ሁለተኛ ሥራ ይሁን። ክረምቱ ደግሞ የጥናት ወራትህ ነው።

ማቆም የሚገባህ ጊዜ አለ ወይ? አለ። ከዛሬ ጀምሮ 150 ሰዓት በዚህ መንገድ ከሠራህ በኋላ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የድምፅ ቅጂህ ምንም ልዩነት ከሌላቸው፣ ብቻህን መሥራቱ አልሆነም ማለት ነው፤ ያኔ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያርምህ ሰው ፈልግ። ልዩነት እያለ ግን በእያንዳንዱ ማታ ስትቀመጥ ልብህ የሚሸሽ ከሆነ፣ ፈረንሳይኛውን ተወውና በእንግሊዝኛው ጋይድነት ቀጥል። ይህ ሕልምን መክዳት አይደለም፤ ሕልሙ ከመጀመሪያውም ግንቡ ነበር።

ልብህ ከገፋ ግን ዴልፍ የሚባለውን ፈተና በቢ1 ደረጃ ለመውሰድ አስብ። የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው፤ አንዴ ካገኘኸው ጊዜው አያልፍም። መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ይታረማሉ፤ ለማለፍ በድምሩ ከ100 ቢያንስ 50፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 5 ማምጣት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመናገሩ ብቻ አታልፍም፤ መጻፉንም ከወዲሁ በሳምንት አንድ ገጽ ልመደው። ከመመዝገብህ በፊት የቢ1 የናሙና ፈተና ቤትህ ተቀምጠህ፣ ሰዓት ይዘህ ሥራ። ከ60 በላይ ካመጣህ ከፈተናው በፊት ለሁለት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄደህ አስተማሪ ፊት ተቀመጥ፤ ሥራህን ለቅቀህ ሳይሆን የዓመት ፈቃድህን ወስደህ፣ ሆቴሉ ባዶ በሚውልበት በሐምሌ።